የዳንኤል ነጭ የማንም ቆዳ አይደለም

በሰበታም ሆነ በቡራዩ ወይም በሱሉልታ መጽሐፍ ቅዱስን ከሚያነቡ ወጣቶች ጋር የተጨዋወተ ሰው አንድ ክርክር ሳይሰማ አይመለስም። ነቢዩ ዳንኤል በምዕራፍ 7 ቁጥር 9 ያየው ብሉየ መዋዕል፣ ዘመናትን የቀደመው፣ ጠጉሩ በበግ ጠጉር ተመስሏል፤ የበግ ጠጉር ጥቅልል ነው፤ ጥቅልል ጠጉር ያለው ጥቁር ሕዝብ ነው፤ ስለዚህ ዳንኤል ያየው እኛን የሚመስል ጥቁር ነው፤ ፈረንጆች ግን ይህን ደበቁን። ተናጋሪው እዚህ ሲደርስ ሰሚው ራሱን ይነቀንቃል፣ ነገሩም በዚያው ያልቃል።

ማለቅ ግን የለበትም። ክርክሩ ከሥሩ የተሳሳተ ነው። ይባስ ብሎ፣ ሊዋጋው የተነሣውን በሽታ ራሱ ተሸክሞ ይዞራል።

በቅድሚያ ለዚህ ወገን የሚገባውን እንስጠው፤ የቁጣው መነሻ እውነት ነውና። አሜሪካዊው ሠዓሊ ዋርነር ሳልማን በ1940 እ.ኤ.አ. የሳለው፣ ቡናማ ዞማ ጠጉር በትከሻው ላይ የወረደለት ክርስቶስ በመቶ ሚሊዮኖች ታትሞ ዓለምን አዳርሷል። የእሱና የመሰሎቹ ቅጂ እኛም ዘንድ በየሳሎኑ ግድግዳና በየሚኒባሱ መስታወት ላይ ተለጥፏል። ገራፊው ጌታና የሚሰበክለት አምላክ አንድ መልክ ይዘው የቀረቡለት የአሜሪካ ጥቁር ሰው «ታዲያ የእኔ መልክ ከማን ነው?» ብሎ ቢጠይቅ ማን ይፈርድበታል? ጳጳሱ ሄንሪ ማክኒል ተርነር በ1898 እ.ኤ.አ. እግዚአብሔር ጥቁር ነው ብለው የጻፉት፣ ማርከስ ጋርቬይም በ1920ዎቹ ጥቁር ሕዝብ አምላኩን በኢትዮጵያ መነጽር እንዲያይ የጠራው ከዚህ ቁስል ተነሥተው ነው። ሻሸመኔ ድረስ የመጡት ራስተፈሪያኖችም ይህንኑ ጥያቄ ይዘው ነው የመጡት።

የጽሑፍ ማስረጃም አላቸው። በዳንኤል ላይ የዮሐንስ ራእይን ይጨምራሉ፤ በምዕራፍ 1 ቁጥር 14 ጠጉሩ በበግ ጠጉር ይመሰላል፣ በቁጥር 15 ደግሞ እግሮቹ በእቶን የነጠረ ናስ ይመስላሉ። የበግ ጠጉሩ ለጠጉር፣ የጋለው ናስ ለቆዳ። ሄሮዶቱስም ከክርስቶስ ልደት በፊት በ5ኛው መቶ ዓመት፣ በሊቢያ በኩል ያሉት ኢትዮጵያውያን ጠጉር ከሰው ሁሉ ይልቅ ጥቅልል መሆኑን ጽፏል። ከዚህ በላይ ምን ማስረጃ ትፈልጋላችሁ? ይሉናል።

የምንፈልገው ጥቅሱ ራሱ እንዲነበብ ነው።

መጽሐፈ ዳንኤል ከምዕራፍ 2 ቁጥር 4 አጋማሽ እስከ ምዕራፍ 7 ፍጻሜ የተጻፈው በአራማይክ ነው። በምዕራፍ 7 ቁጥር 9 ውስጥ ያለው የቀለም ቃል አንድ ብቻ ነው፤ ሒዋር፣ ማለትም ነጭ። ይህ ቃል በመጽሐፍ ቅዱስ አራማይክ ውስጥ ሌላ ቦታ አይገኝም። እዚህስ የተነገረው ስለ ምን ነው? ስለ ልብስ። ልብሱ ከበረዶ ጋር፣ ጠጉሩ ከበግ ጠጉር ጋር ተነጻጽሯል፤ ለልብሱ ሒዋር፣ ለበጉ ጠጉር ደግሞ ነቄ የሚል ቅጽል ተሰጥቷል። ከዚያ በኋላ ያለው ዙፋን፣ መንኰራኵርና እሳት ነው። ፊቱ ምን እንደሚመስል አልተነገረም፤ ስለ ቆዳ አንድም ቃል የለም። የበረዶውን ንጣት ይዞ አምላክን አውሮፓዊ ያደረገውም፣ የበጉን ጠጉር ይዞ አፍሪካዊ ያደረገውም የሚጣሉት ነቢዩ ባልጻፈው ቆዳ ላይ ነው።

«ሒዋር የልብሱ ይሁን፤ ነቄስ?» የሚል ይኖራል። ነቄ የተለመደው ትርጉሙ ንጹሕ፣ የጠራ ማለት ነው። በዕብራይስጥ ያለው ዘመዱ ናቂ ከደም ንጹሕ፣ ከወንጀል ነጻ የሆነውን ሰው ይጠራበታል። ማይክል ሶኮሎፍ የተባሉ የአራማይክ ሊቅ በ1976 እ.ኤ.አ. ሌላ ንባብ አቅርበዋል፤ በሶርስት በግን ከሚጠራ ተመሳሳይ ቃል ተነሥተው ሐረጉ «የጠቦት ጠጉር» መባል አለበት ብለዋል። ለመዝገበ ቃላት ሰዎች ይህ ትልቅ ልዩነት ነው። ለእኛ ክርክር ግን ሁለቱም ያው ናቸው። የጠራ የበግ ጠጉርም በሉት የጠቦት ጠጉር፣ ስለ ጥቅልልነት የሚናገር ፊደል በየትኛውም ንባብ ውስጥ የለም። ክርክሩ የቆመው ነቢዩ ባልተጠቀመበት ቅጽል ላይ ነው።

ነቢዩ ቅጽል የጨመረበትን ምክንያት ለማወቅ እስከ ባቢሎን መሄድ አያስፈልግም። የመንዝን በግ ያየ ያውቀዋል። ጥቁሩም ቡናማውም ነጩም አለ፤ ከጠጉሩ የሚሠራው ባና ብዙውን ጊዜ ጠቆር ያለ ነው። የተሸለተ ጠጉር ሲሸለት ቅባት የያዘ፣ አቧራና ጭቃ የበላ ነገር ነው፤ ታጥቦ ነው የሚጠራው። «የበግ ጠጉር» ብቻ ቢባል ቀለሙም ንጽሕናውም አይታወቅም ነበር፤ ነቢዩ የፈለገው ደግሞ ይህንኑ ንጽሕና ነው። ኢሳይያስ በምዕራፍ 1 ቁጥር 18 በረዶንና የበግ ጠጉርን ጎን ለጎን አድርጎ ኃጢአት ሲነጻ ምን እንደሚመስል ይናገራል። እዚያስ ጠጉሩ የሚናገረው ስለ ጥቅልልነት ነው? ይቅር የተባለ ኃጢአት ከርዳዳ ይሆናል?

የራሳችንን አነጋገርም እንጠይቅ። አንድ ሽማግሌ ሲሸብቱ «ራሳቸው ጥጥ መስሏል» እንላለን። ይህን የሰማ አማርኛ ተናጋሪ ሁሉ ንጣቱንና ዕድሜውን ይረዳል። የሽማግሌው ጠጉር እንደ ጥጥ ለስላሳ ነው ወይ፣ ይነደፋል ወይ፣ ይፈተላል ወይ ብሎ የሚጠይቅ የለም። በአማርኛ የማናደርገውን በአራማይክ ለምን እናደርጋለን?

ደግሞስ መጽሐፉ ስለ ጠጉር ቅርጽና ስለ ጥቁረት መናገር ሲፈልግ ቃል ያጥረዋል? በመኃልየ መኃልይ 5፥11 ሴቲቱ የወዳጇን ጠጉር ስታወድስ ለአወራረዱ የራሱን ቃል ሰጥታዋለች፤ ለጥቁረቱም ቁራን ጠርታለች። ስለዚህ ዳንኤል ጥቅልል ጠጉር ማለት ቢፈልግ የሚከለክለው አልነበረም። እኛስ ከርዳዳ፣ ሉጫ፣ ዞማ እያልን የጠጉርን ዓይነት እየለየን አይደል የምንጠራው? ከርዳዳውን «የበግ ጠጉር» ብሎ መጥራት የኛ ቋንቋ ልማድ አይደለም። የጥቁርን ሰው ጠጉር ከበግ ጠጉር እያመሳሰለ ሰውን በዘር ሲመድብ የኖረው ያ የአውሮፓ የዘር ምደባ ነው፤ የባሪያ ገበያ መደብ ያደራጀው። እንግዲህ ነጻ አውጪ የተባለው ንባብ መዝገበ ቃላቱን የተዋሰው ከማን ኖሯል?

የሄሮዶቱስ ምስክርነትም አያድንም። የእሱ ቃል ኡሎስ፣ ጥቅልል፣ ነው፤ የራእዩ ቃል ግን ኤርዮን፣ የበግ ጠጉር ራሱ፣ ነው። ዮሐንስም ለምን እንደመሰለው አልደበቀም፤ በዚያው ቁጥር ነጭነትን ደጋግሞ ጠርቶ በረዶን ጨምሮበታል። ናሱን ለቆዳ ማስረጃ የሚያደርግ ሰው ደግሞ በዚያው ራእይ ዓይኖቹ የእሳት ነበልባል፣ ከአፉ የሚወጣው ስለታም ሰይፍ፣ ፊቱ የቀትር ፀሐይ መሆኑን ምን ሊያደርገው ነው? እግሩን ለሥነ ሰብእ ጥናት፣ ፊቱን ለምሳሌ ብሎ መከፋፈል ማንበብ አይባልም፤ መምረጥ ነው።

አሁን ወደ ትልቁ ክስ እንምጣ፤ ፈረንጆች ቃሉን ደበቁት ወደሚለው። ይህ ክስ ከሁሉ ይልቅ በኢትዮጵያ ምድር ሲነገር ያሳፍራል። የግዕዙ መጽሐፍ ቅዱስ በአክሱም ዘመን ሲተረጎም ፖርቱጋሎች እዚህ ለመድረስ ገና አንድ ሺህ ዓመት ገደማ ይቀራቸው ነበር። የበግ ጠጉር ማለት የሆኑት የግዕዙ ፀምርና የአራማይኩ ዐመር ከአንድ ሴማዊ ሥር የወጡ እኅትማማች ቃላት ናቸው። ከክርስቶስ ልደት በፊት የተሠራው ጥንታዊው የግሪክ ዳንኤልም ለበጉ ጠጉር ነጭም ንጹሕም የሚሉ ሁለት ቅጽሎችን ሰጥቷል። ከሁሉም በላይ መጽሐፈ ሄኖክ አለን። ከምዕራፍ 37 እስከ 71 ያለው ክፍል በዓለም ላይ ተጠብቆ የቆየው በግዕዝ ብቻ ነው። በምዕራፍ 46 ዘመናትን የቀደመው እንደገና ይታያል፤ ራሱም በነጭ የበግ ጠጉር ተመስሏል። ይህን «ነጭ» የሚል ቃል ማን ጻፈው? ማን ገለበጠው? ማን በየገዳሙ አቆየው? ጀምስ ብሩስ ቅጂዎቹን ወደ አውሮፓ የወሰደው በ18ኛው መቶ ዓመት ነው፤ ብራና ፍቀው ቀለም በጥብጠው ሲጽፉት የኖሩት ግን ጥቁር እጆች ናቸው። ሴራ ካለ ሴረኞቹ የራሳችን ደብተራዎች ናቸው ማለት ነው። ይህን የሚል አለ?

ከዚሁ መጽሐፍ ሌላ ፈተና አለ፤ የዘር ንባብን ለሁለቱም ወገን ያፈርስበታል። በምዕራፍ 106 ኖኅ ሲወለድ ሥጋው በበረዶ ንጣትና በጽጌ ረዳ ቅላት፣ ጠጉሩ ደግሞ በነጭ የበግ ጠጉር ተመስሏል። አባቱ ላሜክ ደንግጦ ወደ ማቱሳላ ሮጠ፤ ልጁ ከሰው ሳይሆን ከመላእክት የተወለደ መስሎት ነበርና። በተለመደው ስሌት እናስላው። ሥጋው በረዶ ስለሆነ ኖኅ ፈረንጅ ነው፤ ጠጉሩ የበግ ጠጉር ስለሆነ ኖኅ ጥቁር ነው። በአንድ ዓረፍተ ነገር፣ በአንድ ሕፃን ላይ! ስሌቱ እንዲህ ዓይነት ውጤት ካመጣ የተበላሸው ሕፃኑ ነው ወይስ ስሌቱ? ላሜክ የገባው ነገር ለእኛ ለምን አልገባንም? እሱ ያየው የሌላ ሕዝብ ልጅ አልነበረም፤ ከሰው ዓለም ያልሆነ ብርሃን ነው ያስደነገጠው። እነዚህ ቀለሞች በእንዲህ ዓይነት መጻሕፍት ውስጥ የሚያገለግሉት የሰማዩን ከምድሩ ለመለየት ነው፤ የምድሩን ሰዎች እርስ በርስ ለመለያየት አይደለም።

ይህን ለመረዳት የሰበታ፣ የቡራዩና የሱሉልታ ሰው ከማንም የቀረበ ነው። የቱለማ ኦሮሞ አገር ነውና። ሽማግሌው ሲመርቅና ሲጸልይ አምላኩን ዋቃ ጉራቻ ብሎ ይጠራዋል፤ ጥቁሩ ዋቃ። ይህን የሰማ ማንም የኦሮሞ ልጅ ዋቃ የቆዳ ቀለሙ ጥቁር ነው ማለት ነው ብሎ አያስብም። ጥቁረቱ ጥልቀት ነው፤ የማይመረመረው፣ የማይደረስበት፣ ዝናብ ያዘለ ሰማይ ግርማ ነው። እንግዲህ ያንኑ የዘር ስሌት እዚህም እናምጣው። የዳንኤል ነጭ አምላክን ነጭ ካደረገው፣ የቱለማ ጸሎት ጥቁር ያደርገዋል፤ ከዚያ ሁለቱን አማልክት እናዋጋቸው? ወይስ ሁለቱም ሕዝቦች ቅድስናን ለመናገር ዓይናቸው ያየውን ትልቁን ነገር፣ አንዱ በረዶን፣ ሌላው የሰማይን ጥልቀት፣ መዋሳቸውን እንቀበል? ዋቃ ጉራቻ ሲባል የሚገባን ነገር ሒዋር ሲባል የሚጠፋብን፣ በመሀል የፈረንጅ የዘር መነጽር ስላጠለቅን ነው።

ሠዓሊዎቻችንም ቀድመው ገብቷቸዋል። በጎንደር ደብረ ብርሃን ሥላሴ እንደሚታየው፣ ሥላሴን በሦስት አንድ ዓይነት ሽበታም ሽማግሌዎች ሲስሉ ከዳንኤል የወሰዱት ሽበቱን፣ ማለትም ዘመን አልባነቱን ነው። ፊቱን ደግሞ በራሳቸው ሰው ዓይነት ጠይምና ቀይ ዳማ አድርገው፣ ዓይኑን አጉልተው ሳሉት። ይህን ለማድረግ የአራማይክ መዝገበ ቃላት ፈቃድ አልጠየቁም፤ ማስረጃም አልደረደሩም። አምላክ በአምሳሉ ፈጠረን ብሎ የሚያምን ሰው የራሱን ፊት ለመሳል ምስክር ያስፈልገዋል? በሳልማን ሥዕል የተናደደ ሰው መልሱ ከፊቱ ባለው የቤተ ክርስቲያን ግድግዳ ላይ አለለት። ሥዕሉን ይተካ፤ ጥቅሱን ግን ለቀቅ ያድርገው።

አንድ መከላከያ ይቀራቸዋል፤ በቅንነት የሚቀርብ ነው። «ይሁን፣ ንባቡ ትክክል አይደለም እንበል፤ ግን የተዋረደ ሕዝብን ራስ ቀና ያደርጋል። ለምን ትነጥቁታላችሁ?» ይላሉ። እኔ ደግሞ እጠይቃለሁ፤ ክብርህ በአንድ የአራማይክ ቅጽል ላይ ከቆመ፣ ነገ የቅጽሉ ትርጉም ሌላ ሆኖ ሲገኝ ክብርህ ሊወርድ ነው? የሰበታ ገበሬ፣ የሱሉልታ እረኛ፣ የቡራዩ የቀን ሠራተኛ ክቡር የሆነው ጠጉሩ በዳንኤል ራእይ ውስጥ ስለተገኘ ነው? ካልተገኘስ? በማስረጃ የተሰጠ ክብር በማስረጃ ይነሣል። ለብሉየ መዋዕል የቀበሌ መታወቂያ አውጥቶ «ብሔር» በሚለው መስመር ላይ የራስን ስም መሙላት አምላክን አያከብርም፤ እኛንም አያስከብርም። በዚያች በመታወቂያ ላይ ባለች አንዲት መስመር ስንት እንባ እንደፈሰሰ የምናውቅ ሰዎች ያችኑ መስመር ወደ ሰማይ ልንሰቅላት ነው?

የዘር ንባብ ከሁሉ የከፋ የሚያደርሰው ጉዳት ደግሞ ጥቅሱ የተጻፈበትን ጉዳይ ከዓይናችን መሰወሩ ነው። ምዕራፉ የችሎት ምዕራፍ ነው። አራት አውሬዎች፣ አራት መንግሥታት፣ ከባሕር ወጥተው ምድርን በልተዋል፣ አድቅቀዋል፣ ረግጠዋል። ከዚያ ዙፋን ይዘረጋል፣ ዳኛ ይቀመጣል፣ መዝገብ ይገለጣል። ስለ ዳኛው የሚነገሩን የመጀመሪያዎቹ ሁለት ነገሮች ልብሱና ጠጉሩ ናቸው። የልብሱ ንጣት እድፍ እንደሌለበት፣ ጉቦና ደም እንዳልነካው ይናገራል። የጠጉሩ ጥራት ከእነዚያ መንግሥታት ሁሉ አስቀድሞ እንደነበረ ይመሰክራል። ናቂ የሚለው የዕብራይስጥ ዘመዱም ከደም ንጹሕ የሆነውን እንደሚጠራበት አንርሳ። በእኛ አገር ነጭ ጋቢ ለብሰው ለዳኝነት የሚቀመጡ ሽማግሌዎችን ያየ ሰው ይህን ሥዕል ያለ ትርጓሜ ያነበዋል።

ይህንን ዳኛ የሚፈልግ ሕዝብ ካለ፣ በእነዚህ ሦስት ከተሞች ያለው ሕዝብ ነው። የአዲስ አበባና የዙሪያዋ የተቀናጀ ማስተር ፕላን በ2006 ዓ.ም. ተቃውሞ አስነሥቶ፣ ደም አፍስሶ፣ በጥር 2008 ዓ.ም. ተሰርዟል። በ2015 ዓ.ም. ሰበታ፣ ቡራዩና ሱሉልታ ከሌሎች ጋር ተጠቃለው ሸገር ከተማ ሲባሉ ብዙ ቤቶች ፈርሰዋል። መሬቱ በትንሽ ካሳ የሄደበት ገበሬና ቤቱ በግሬደር የፈረሰበት አባወራ በቋንቋም በሃይማኖትም ሊለያዩ ይችላሉ፤ ሁለቱም ግን የሚጠይቁት ጥያቄ አንድ ነው፤ መዝገቡን ገልጦ በንጹሕ እጅ የሚፈርድ ማን ነው? ዳንኤል 7 ለዚህ ጥያቄ የተጻፈ መልስ ነው። እኛ ግን ችሎቱን ትተን የዳኛውን ጠጉር ዓይነት እንከራከራለን። ረጋጮቹ ከዚህ የተሻለ ምን ይመኛሉ?

ሰበታ ከምትታወቅባቸው ተቋማት አንዱ የዓይነ ስውራን ትምህርት ቤቷ ነው። ብርሃንን ፈጽሞ አይቶ የማያውቅ ተማሪ ይህን ጥቅስ ሲነበብለት ምን ይቀርበታል? መልእክቱ ዘር ከሆነ ሁሉም ይቀርበታል። መልእክቱ ንጽሕና፣ ዘመን አልባነትና ፍርድ ከሆነ ግን ምንም አይቀርበትም፤ ምናልባትም በዳኛው መልክ ላይ ከምንጣላው ከእኛ የተሻለ ይሰማዋል።

ስለዚህ አቋሜን ደግሜ እላለሁ። ሒዋር የልብስ ንጣት ነው። ነቄ በተለመደው ንባብ የጥራት ቃል ነው። በጥቅሱ ውስጥ ቆዳ የለም፤ ጥቅልል የለም፤ ጎሣ የለም። አምላክን በበረዶው ነጭ ያደረጉት አውሮፓውያን ዋሹ፤ በበጉ ጠጉር ጥቁር የሚያደርጉት የእኛ ወጣቶች ያንኑ ውሸት ገልብጠው ለብሰውታል። የተገለበጠ ውሸት እውነት አይሆንም። ጥቁር ሰው በእግዚአብሔር አምሳል ተፈጥሯል፤ ይህ ከማንኛውም ቅጽል በፊት የተባለ፣ ለማስረጃ የማይቀርብ፣ ይግባኝ የሌለው ቃል ነው። ዳንኤል የጻፈልን የዳኛውን ዘር አይደለም፤ አድልዎ የሌለበት ዳኛ መኖሩን ነው። በዚያ ችሎት ፊት የሚያስፈራን የዳኛው መልክ አይሁን፤ የእኛ ልብስ ንጽሕና ይሁን።